ስሙ ተቀይሯል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠረጴዛዬ ኮሪደር ላይ ነበረች። ቢሮ ስለጠፋ አይደለም፤ የማን እንደሆንኩ ስላልተወሰነ ነው። የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ትምህርት ክፍል በኮሪደሩ አንድ ጫፍ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ደግሞ በሌላው ጫፍ ነበሩ። እኔ ሁለቱን አጣምሬ የተማርኩ፣ ሁለቱን አጣምሮ በሚያስተምር አዲስ ፕሮግራም የተቀጠርኩ ረዳት ምሩቅ ነበርኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጠረጴዛዋን ተሸክሞ መጣና ወደዚያም ወደዚህም አየት አድርጎ መሀል ላይ አስቀመጣት። ቦታው የመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበር። ከዚያ በኋላ በፎቁ ላይ የማያውቀኝ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ሁለት አለቆች አነጋገሩኝ። የታሪክ ክፍሉ ኃላፊ ጠዋት ጠሩኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ዓይነት ሰው ነበሩ። «ስሚ ልጄ፣ ማን እንደተናገረ፣ የት እንደተናገረ፣ መቼ እንደተናገረ ካልታወቀ ታሪክ አይባልም፤ ወሬ ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ንገሪልኝ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ የአንትሮፖሎጂዋ ኃላፊ አስጠሩኝ። «እዚያ ማዶ ያሉት ሰውዬ ሰነድ፣ ሰነድ ይሉሻል። ሰነድ የሚጽፈው መጻፍ የቻለ ነው። ሌላውን ሰው ለማወቅ ከፈለግሽ ሄደሽ አብረሽው ተቀመጪ» አሉኝ። ሁለቱንም እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ትልቁ የሥራዬ ክፍል እንደሚሆን ያኔ አልገባኝም።

ተማሪዎቻችን የአገራቸውን ታሪክ ሊማሩ ሲመጡ የነገሥታት ስም የሚሸመድዱ ይመስላቸዋል። ስለ አንትሮፖሎጂ ደግሞ ምንም አይመስላቸውም፤ አብዛኞቹ ቃሉን የሚሰሙት ምዝገባ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ዊንጌት አካባቢ ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ ልጁ እኛ ጋ የተመደበበት፣ ስኳር ልገዛ ስገባ አስቆመኝ።

«መምህር፣ አንዱ ሥራ ባያስገኝለት ሌላው ያስገኝለታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ስጠይቅ ሁለቱም አያስገኙም አሉኝ።»

«እኔን አስገኝተውልኛል» አልኩት።

«ቢሮዎ የት ነው? አንድ ቀን መጥቼ እንድንነጋገር።»

ኮሪደር ላይ ነው ማለት ከብዶኝ፣ ስኳሩን ይዤ ስለ ዋጋው ማጉረምረም ጀመርኩ። ልጁ ዛሬ ሥራ አለው፤ አባትየው ካገኘኝ ስኳር ይጨምርልኛል።

ለመስክ ሥራ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ጉለሌ ነው የማመጣቸው። ሰፈሬ ስለሆነ ማን ሰው እንደሚያስገባ፣ ማን ውሻ እንደሚፈታ አውቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ያስቁኝ ነበር። አንዱ አሁን የእጽዋት ማዕከሉ ካለበት በታች ጭራሮ የምትሸጥ ሴት ፊት ቆሞ፣ «የእርስዎ ማኅበራዊ መዋቅር ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቃት። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። እሱ ደግሞ መልሱን እንዳለ ጽፎ አመጣልኝ። ነጥብ ሰጠሁት፤ ያን ቀን ሌሎቹ ከጻፉት ሁሉ እውነተኛው የሱ ነበር።

ቀስ በቀስ ሥርዓት አበጀን። ተማሪው ሰላምታ ይሰጣል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ሰፈር እንዳደገ ይናገራል። ከዚያ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከሁሉ ይከብዳቸዋል። መቅረጸ ድምፅ ከቦርሳ የሚወጣው ሰውዬው ተማሪውን ለምዶት፣ ተማሪውም ሰውዬውን ለምዶ፣ ፈቃድ ከጠየቀ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ከመጠረዙ በፊት ተማሪው ተመልሶ ሄዶ፣ ስለ ሰውዬው የጻፈውን ለራሱ ለሰውዬው ያነብለታል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሁለቱም ኃላፊዎች ጊዜ ማባከን ነው ብለውኝ ነበር። እዚህ ላይ እሺ አላልኩም።

እንዲህ እያልኩ ከረዳት ምሩቅ ወደ ረዳት ሌክቸረር፣ ከዚያ ወደ ሌክቸረር፣ ከዚያም ረዳት ፕሮፌሰርና የፕሮግራሙ አስተባባሪ ሆንኩ። ጠረጴዛዋም አብራኝ አደገችና ከኮሪደሩ ወደ ድሮው የጠመኔ መጋዘን ገባች። እዚያ ስቀመጥ ጥቁር ቀሚስ አልለብስም ነበር፤ ስነሳ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለቱ ክፍሎች ያልተስማሙበት አንድ ነገር የሰው ስም ነው። ታሪክ ክፍሉ፣ የተናገረው ሰው ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜውና የሚኖርበት ቦታ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይስፈር ይላል። ስም የሌለው ምንጭ ለነሱ ምንጭ አይደለም። አንትሮፖሎጂ ክፍሉ በተቃራኒው፣ ሰው ቤቱ አስገብቶ የነገረን ነገር ነገ ጎረቤቱ እጅ ገብቶ እንዳይጎዳው ስሙ ይቀየር ይላል። ሁለቱም ለሰው አስበው ነው። ተማሪዎቹ ግን መሀል ላይ ተጨፈለቁ። አንዱ ፈታኝ ስም የለውም ብሎ ይጥላቸዋል፤ ሌላው ስም አለው ብሎ ይጥላቸዋል። ብዙ ስብሰባ ተሰብስበን በመጨረሻ ሁሉም ስም ይቀየር፣ እያንዳንዱ ስም ሲነሳም ከገጹ ግርጌ «ስሙ ተቀይሯል» ተብሎ ይጻፍ ብለን ወሰንን። ሰላም ወረደ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ረድኤት የምትባል ተማሪ ደረሰችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ እኔ ነበርኩ። ሽሮ ሜዳ ያደገች፣ እናቷ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ፣ አንደበቷ ቁጥብ የሆነች ልጅ ናት። የጻፈችው ስለ ሸማኔዎቹ ነው፤ ከደቡብ ደጋ መጥተው አዲስ አበባን ሲያለብሱ ስለኖሩት ሰዎች። የጽሑፉ ዋልታ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰፈሩ አቶ ተስፋዬ ይላቸዋል። አርጅተውም እግራቸውን ከተው ከሚሸምኑበት የሸማ ጉድጓድ አልወጡም፤ ረድኤትም ወራቱን ሙሉ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣ፣ መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል እያየች ሰምታቸዋለች። ምዕራፉን ሳነበው ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አስተማሪ በዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር የሚያነብበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ዲፌንሱ፣ ማለትም ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን፣ በቀጣዩ ሳምንት ነበር። ረድኤት በሥርዓታችን መሠረት ምዕራፉን ልታነብላቸው ሄደች። በማግስቱ ጠዋት መጋዘኔ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሆንሽ?»

«አቶ ተስፋዬ ከጽሑፉ አውጪልኝ አሉኝ፣ መምህር። የነገሩኝን በሙሉ።»

አስቀመጥኳትና ውኃ ሰጠኋት። እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦

«እያነበብኩላቸው ነበር። እሳቸውም እየሠሩ ይሰማሉ። ‹አቶ በላቸው ከጨንቻ ደጋ ሲመጡ› የሚለው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። ‹በላቸው ማነው?› አሉኝ። ‹እርስዎ ነዎት፤ ስምዎን ቀይሬው ነው› አልኳቸው። ‹ቀጥዪ› አሉኝ። ቀጠልኩ። ያ ቦታ ጋ ስደርስ ግን ሥራውን ተዉት። ከጉድጓዱ ወጡ።»

«የትኛው ቦታ?»

«ስማቸውን የቀየሩባቸው ቦታ።»

ያን ቦታ አውቀዋለሁ፤ የምዕራፉ ልብ እሱ ነው። ሰውዬው ወጣት ሆነው አዲስ አበባ ገብተው አንድ አሠሪ ቤት ለሽመና ሲቀጠሩ፣ የመጀመሪያው ቀን አሠሪው ስምህ ማነው ይላቸዋል። አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ይናገራሉ። አሠሪው ይስቅና፣ «ይሄ ለደንበኛ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ተስፋዬ ነህ» ይላቸዋል። በዚያው ቀረ። መታወቂያቸው፣ እድራቸው፣ የልጆቻቸው የአባት ስም፣ ሁሉም ተስፋዬ ሆነ። አባታቸው ምን ብለው ይጠሯቸው እንደነበር ከረድኤት በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ለሷ ነገሯት። እኛ ደግሞ ደንብ አለንና ተስፋዬን በላቸው፣ ያንን የልጅነት ስም ቶራ ብለን ጻፍነው። ስሙን የተነጠቀ ሰው ታሪክ፣ ስሙን እንደገና ነጥቀን፣ ከሥሩ «ስሙ ተቀይሯል» የሚል ማስታወሻ አድርገንበት። ይህን ስህተት ለመሥራት ሁለት ትምህርት አጣምሮ መማር ያስፈልጋል።

«ግን መጀመሪያ ስምዎ አይወጣም የሚለውን የፈቃድ ቅጽ አንብበሽላቸዋል፤ ፈቅደዋል» አልኳት።

«አንብቤያለሁ። ትናንትም ጠየቅኳቸው። ‹የምታነቢው ነገር ነበረሽ፤ ጨርሰሽ ወደ ጨዋታችን እንድትመለሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አሁን ግን በስሜ ካልተጻፈ አውጪው› አሉኝ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ስማቸው ካልገባ ሽማግሌው ቃላቸውን ይወስዳሉ፤ ቃላቸው ከወጣ ጽሑፍ የለም፤ ጽሑፍ ከሌለ ረድኤት አትመረቅም። ስማቸው ከገባ ደግሞ ደንብ ፈርሷልና የአንትሮፖሎጂ ፈታኟ ትጥላታለች።

መጀመሪያ የታሪክ ፈታኙ ጋ ሄድኩ። ዶክተር ገዛኸኝ አብሮኝ ያረጀ ባልደረባዬ ነው። ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ዘነበች፣ እኔ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ? ሰው ስም አለው። አሁን ይቺን ይዤ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደማሳያቸው ታያለሽ።»

«ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የምትቀርበው። አንተ ማሳየት ነው የምትፈልገው ወይስ ማስመረቅ?»

«ሁለቱም ቢሆን ምን አለበት?» አለኝ። ጥዬው ወጣሁ።

አንትሮፖሎጂውን የምትፈትነው ዶክተር ሶስና ናት። የቀድሞ ተማሪዬ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ስታየኝ ከወንበሯ ትነሳለች። ያን ቀን ተነስታ አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ አልችልም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ሰውዬው ስለ አሠሪያቸው ተናግረዋል፤ የአሠሪው ቤተሰብ ያው እዚያው ሰፈር ነው። ልጅቷ ተመርቃ ትሄዳለች። እሳቸው ግን እዚያው ናቸው። ነገ አንድ ነገር ቢደርስባቸው ማን ይጠየቃል?»

ልከኛ ጥያቄ ነበር፤ ተናደድኩ፤ ልከኛ ባይሆን ይቀለኝ ነበር። «እንግዲያው ጥያቄውን እኔን ከምትጠይቂ እሳቸውን ጠይቂያቸው» አልኳት። አሰበችና ኮቷን አነሳች።

ረድኤትን ጨምረን ሦስታችን ሚኒባስ ይዘን ሽሮ ሜዳ ወጣን። ከዋናው መንገድ ጋቢ ከተሰቀለባቸው ሱቆች ጀርባ ገብተን፣ የሸማው ኳኳታ ከየቤቱ የሚሰማበትን ቅያስ ተከትለን ደረስን። አቶ ተስፋዬ ጉድጓዳቸው ውስጥ ነበሩ። ሲያዩን እጃቸውን ከድሩ ላይ አነሱና ለባለቤታቸው አግዳሚ ወንበሩን እንዲያወጡ ነገሯቸው። የተቆጡ ሰው አይመስሉም ነበር። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ሶስና ከሰላምታው በኋላ ብዙ ዝም አለች። ያስተማርኳት ነገር ነው። ከዚያ፣ «አባባ፣ እኔ ነኝ ስምዎ እንዳይጻፍ የምለው» አለቻቸው።

«ለምን ልጄ?»

«እንዳይጎዱ ብዬ ነው። የዚያ አሠሪዎ ልጆች ቢያነቡት፣ ይቀየሙዎት ይሆናል።»

«ልጆቹን ታውቂያቸዋለሽ? ያ መንገድ ዳር ያለው ትልቁ ሱቅ የነሱ ነው። ይሄን ጋቢ ስጨርስ የምሰጠው ለነሱ ነው። ደጎች ናቸው።» ጥለቱን በጣታቸው አሳዩን። «እሱን ማለትሽ ልክ ነው። የአባታቸውን ስም አትጻፉ። ሰውዬው ሞቷል፤ እነሱ ደሞ ምንም አላደረጉኝም። ደብቁላቸው።»

«የእርስዎንስ?»

«የኔን ምን ብዬ እደብቃለሁ? ተደብቆ ነው የኖረው።» ወደ ረድኤት ዞሩ። «እኔ እኮ ይቺን ልጅ አልተቀየምኳትም። አባቴ ያወጣልኝን ስም የጠየቀችኝ እሷ ናት። በላቸው ስትለኝ ግን፣ በቃ፣ ያ ሰውዬ ተነስቶ የመጣ መሰለኝ። አንዴ ተቀይሯል። ሁለተኛ አይቀየርም።»

ሶስና መሬት መሬት አየች። ቀና ስትል፣ «ይህን ለመቅረጽ ይፈቅዱልናል?» አለቻቸው። ረድኤት መቅረጸ ድምፁን ከቦርሳዋ አወጣች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ድምፅ እንጂ ምስል እንደማይቀረጽ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ተናገሩ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሶስና ክንዴን ይዛ፣ «የስንት ሰው ስም ቀይሬ ይሆን፣ መምህር» አለችኝ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ነገርኳት። እውነት ነበር፤ ስማቸው ቢወጣ የሚሰደቡ፣ የሚባረሩ ሰዎችን አውቃለሁ።

የዲፌንሱ ቀን አዳራሹ የመስኮት መጋረጃ እንኳ አልነበረውም፤ ፀሐይዋ የረድኤትን ፊት እየመታች አቃጠለቻት። ገዛኸኝ ገና ሳይጠይቅ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ሶስና ተራዋ ሲደርስ መነጽሯን አድርጋ ጠየቀች።

«የፕሮግራሙ ደንብ የመረጃ ሰጪ ስም ይቀየር ይላል። አንቺ የአሠሪውን ቀይረሻል፤ የሸማኔውን ግን አልቀየርሽም። ማን ፈቀደልሽ?»

ይህን እንደምትጠይቅ ነግራኝ ነበር። ረድኤት መቅረጸ ድምፁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቁልፉን ተጫነች። መጀመሪያ የሸማ ኳኳታ ተሰማ፤ ከጎረቤት ቤት ነው። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«እኔ ሻንቆ ዶላ ነኝ። አባቴ ያወጣልኝ ይሄን ነው። ሰው ተስፋዬ ይለኛል፤ እሱንም አልጠላውም፣ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። መጽሐፉ ላይ ግን ሻንቆ ዶላ ተብሎ ይጻፍልኝ። ያልኩት እኔ ነኝ።»

ገዛኸኝ ያዘጋጀው ንግግር እንደነበረው አውቃለሁ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «ጥያቄ የለኝም» አለ። በሕይወቱ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሶስና የውጤቱን ወረቀት ወደሱ ገፋች፤ ሁለቱም ፈረሙ። ወጥቼ ድሮ ጠረጴዛዬ የነበረችበት ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከደረቴ ላይ አንድ ጆንያ ጤፍ የወረደ ያህል ቀለለኝ፤ ረድኤትም መጥታ አቅፋኝ ሁለታችንም አለቀስን። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄደው ሁሉ እያየን አለፈ። እዚያ ቦታ ላይ መታየት ለኔ አዲስ አይደለም።

የተጠረዘውን ጽሑፍ ይዘን ሽሮ ሜዳ የሄድነው ከክረምቱ በፊት ነው። አቶ ሻንቆ እጃቸውን ታጥበው ተቀበሉን። ማንበብ ትልቅ ሰው ሆነው መሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት፤ ቀስ ይላሉ። ረድኤት ገጹን ገልጣ አሳየቻቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አስኬዱት፤ በከንፈራቸው ስሙን አሉት፤ ከዚያ ደግመው ድምፅ አውጥተው አሉት። ከገጹ ግርጌ ምንም ማስታወሻ አልነበረም።

ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ስሙን ሳይሰሙት አይቀሩም፤ ከአፋቸው ወጥቶ ግን አያውቅም።

«ታዲያ ከእንግዲህ ምን ብዬ ልጥራህ?» አሏቸው።

«አንቺስ እንደለመድሽው» አሏቸው፤ ሁለቱም ሳቁ።

እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ደንቡን አንድ ጊዜ አሻሽለናል። ስብሰባው አጭር ነበር። አሁን ተማሪው መረጃ ሰጪውን ስምዎ ይጻፍ ወይስ ይቀየር ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ሁለት ጊዜ ነው፣ መጀመሪያ ሳይቀርጽ፣ በኋላም አንብቦለት ሲጨርስ። መልሱን የሚሰጠው ባለስሙ ነው። ከዚህ ሁሉ ዘመን ሥራ ለእናንተ ለምትከተሉኝ ያለኝ ምክር ይኸው ነው፦ መጠየቅ።